የሪሞት መኪና ሞተር በምን ይለካ? ቼከር፣ ፍላይዊል ወይስ ባለ ፍሬን ዳይኖ

ሁለት ሞተር ነበረኝ። ሁለቱም ብራሽለስ (ካርቦን ብሩሽ የሌላቸው)፣ ሁለቱም ባለ 17.5 ተርን (ተርን የውስጡ ሽቦ የተጠቀለለበት ብዛት ነው)፣ ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ቼከር ላይ ሳስራቸው አንደኛው በ7.4 ቮልት 19,800 ዙር በደቂቃ ዞረ። ሌላው 18,900 ላይ ቀረ። ምን ጥያቄ አለው? ፈጣኑን መኪናው ላይ አስሬ ትራክ ወጣሁ። ቀጥ ያለው መስመር ላይ አልከፋም። ከኩርባ ሲወጣ ግን ዳገት የያዘው ጋሪ ይመስላል። ከ4 ደቂቃ በኋላ ሞተሩን በጣቴ ነካ አደረግኩት። ጣቴን ያነሳሁበት ፍጥነት ከመኪናው ይበልጥ ነበር።

ጉዱ የታወቀው ቆይቶ ነው። አንድ ወዳጄ ሁለቱንም ፍላይዊል ዳይኖው ላይ (ዳይኖ የሞተር ጉልበት መለኪያ ነው) ተራ በተራ አሰራቸው። ያ «ፈጣን» ያልኩት ሞተር በቶርክ፣ ማለትም በማዞር ጉልበት፣ በግልጽ ተበልጧል። ሮተሮቹን (ውስጥ የሚዞሩትን ባለ ማግኔት ዘንጎች) አውጥተን ስንለዋውጣቸው ድክመቱ ከሮተሩ ጋር አብሮ ተሻገረ። ያን ሞተር ከወራት በፊት ትልቅ ፒኒየን (የሞተሩ ዘንግ ላይ የሚታሰረው ማርሽ) አስሬበት በጣም አግዬው ነበር። ማግኔቱ ያኔ ተዳክሟል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማግኔቱ የደከመ ሞተር ያለ ጭነት ሲዞር ፍጥነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የሚዞር ሞተር ራሱ እንደ ጄኔሬተር ወደ ኋላ ቮልቴጅ ያመነጫል። ይህ ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ሊመጣጠን ሲቃረብ የፍጥነቱ ጭማሪ ይቆማል። ማግኔቱ ሲደክም ያንኑ ቮልቴጅ ለማመንጨት የበለጠ መዞር አለበት። ስለዚህ ቼከሩ ላይ ያየሁት 19,800 የጤና ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነበር። አብሮ የታየው 5.8 አምፔርም እየነገረኝ ነበር፤ ደህናው 4.1 ብቻ ነው የሚስበው። እኔ ግን ዓይኔ ዙሩ ላይ ነበር።

እንግዲህ ሞተር መለኪያ ልትገዙ ወይም ልትሠሩ ካሰባችሁ ያሉት አማራጮች እነዚህ ናቸው።

ቼከር፦ ርካሽ፣ ፈጣን፣ ግን ቶርክ አያውቅም

ቼከር ሞተሩን ያለ ምንም ጭነት ያዞራል። ዙሩን፣ የሚስበውን አምፔር፣ ኬቪውን (ማለትም በ1 ቮልት ስንት ዙር እንደሚዞር) ያሳያል። ደህና የሚባሉት የሦስቱንም ፌዝ (የሽቦ ጥቅልል) ታይሚንግ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከሮተሩ ቦታ ምን ያህል ቀድሞ እንደሚሰጥ፣ ለየብቻ ያነባሉ፤ የሮተሩን ቦታ የሚያነቡት ሴንሰሮች መሥራት አለመሥራታቸውንም ይነግሯችኋል። ባለ ሴንሰር ሞተር ድንገት መንተፋተፍ ከጀመረ የሴንሰር ገመዱ ይሁን ወይስ የውስጡ ቦርድ በ10 ሰከንድ ትለያላችሁ። ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋውን ያወጣል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ታይሚንግ ላይ ነው። በሞተሩ የኋላ ክዳን ላይ የተቀረጹት መስመሮች ግምት ናቸው። ሁለት አንድ ዓይነት ሞተሮችን አንድ መስመር ላይ ብታደርጓቸው በእውነተኛ ልኬት በጥቂት ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ። ስፒድ ኮንትሮለሩ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው) በዜሮ ታይሚንግ በሚሄድበት፣ በተለምዶ ብሊንኪ በሚባለው ውድድር ላይ ደግሞ በእጃችሁ ያለው ታይሚንግ ይኸው የክዳኑ ብቻ ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ቁጥር ማወቅ ግድ ይላል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ክዳኑን በ2 በ2 ዲግሪ እያዞራችሁ ዙሩንና አምፔሩን አብራችሁ ጻፉ። መጀመሪያ ላይ ዙሩ ደህና ይጨምራል፣ አምፔሩ ትንሽ ትንሽ ይከተላል። የሆነ ቦታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ዙሩ ያዝ ያዝ ሲል አምፔሩ ይዘላል። ከዚያ በላይ የምትሰጡት ታይሚንግ አብዛኛው ሙቀት ነው የሚሆነው። ከዚያ ቦታ ትንሽ መለስ ብላችሁ ጀምሩ።

ቼከር የማይነግራችሁ ነገር ሞተሩ ሲጫን ምን እንደሚሆን ነው። መኪና ደግሞ ያለ ጭነት አይሄድም። የእኔን ስህተት አይታችኋል።

ፍላይዊል ዳይኖ፦ ለብዙው ሰው ትክክለኛው ምርጫ

ይሄኛው አሠራሩ ያምራል፤ እዚህ ጋ ትንሽ ብቆይ አትፍረዱብኝ። ሞተሩ ክብደቱ የሚታወቅ ክብ ዲስክ ይታሰርበታል። ሙሉ ጋዝ ይሰጠዋል። ከቆመበት ተነስቶ እስከ መጨረሻ ፍጥነቱ ሲሄድ አንድ ሴንሰር ዙሩን እየቆጠረ ይመዘግባል። በቃ። ኃይሉን የሚለካ ሌላ ነገር የለም። ዲስኩን ለማስነሳት ስንት ኃይል እንደሚጠይቅ ከክብደቱና ከስፋቱ ይታወቃልና ቶርኩ ከፍጥነቱ ጭማሪ ይሰላል።

በቁጥር እንየው። 500 ግራም የሚመዝን፣ ሬዲየሱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ዲስክ አለን እንበል። ኢነርሺያው (ፍጥነቱ እንዳይለወጥ የሚያሳየው እምቢታ) የክብደቱ ግማሽ ሲባዛ በሬዲየሱ ስኩዌር ነው፤ 0.0004 ኪሎ ግራም ሜትር ስኩዌር ይመጣል። ሞተሩ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ከ10,000 ወደ 10,400 ዙር አሳደገው። ይህ በሰከንድ ወደ 42 ራዲያን የሚጠጋ ጭማሪ ነው። በ0.1 አካፍሉት፣ በኢነርሺያው አባዙት፤ 0.168 ኒውተን ሜትር ቶርክ ታገኛላችሁ። ኃይል ደግሞ ቶርክ ሲባዛ በዙር፣ ሲካፈል ለ9.55 ነው። በ10,200 ዙር ላይ ወደ 179 ዋት ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ይህንን ከታች እስከ ላይ ደጋግሞ ይሠራና ሙሉ ኩርባ (ግራፍ) ይስልላችኋል።

አንዱ ሙከራ ሰከንዶች ብቻ ስለሚወስድ ሞተሩ ብዙ አይሞቅም። ቶርክ የሚለካ ስስ መሣሪያ ስለሌለ የሚዛባ ነገርም ያንሳል። ዲስኩ ዛሬም ነገም 500 ግራም ነው። ለዚህ ነው ተመሳሳይ ሙከራ ስትደግሙ ተመሳሳይ ቁጥር የመስጠት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነው። ለእኔ ከምንም በላይ የሚበልጠው ይሄ ነው። አንድ ዳይኖ 179 ዋት ይበል 190፣ ግድ የለኝም። ነገ ያንኑ ሞተር ሳስር ያንኑ ከደገመልኝ ከሱ ጋር መሥራት እችላለሁ።

ድክመቱስ? ሞተሩ 5 ደቂቃ ሙሉ ሲደክም ምን እንደሚሆን አያሳይም። የ4 ሰከንድ ጀግና ከ4 ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ነው። ሌላው ጣጣ ስሌቱ ነው። ቶርኩ የሚወጣው በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ካለ የዙር ልዩነት ስለሆነ ትንሿ የሴንሰር ስህተት ኩርባው ላይ ትልቅ ጥርስ ትሆናለች። ሶፍትዌሮች ያንን ጥርስ ለማለስለስ አማካይ ይወስዳሉ። የማለስለሻው መጠን ሲለወጥ ከፍተኛው ዋትም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ የእናንተን ዳይኖ ቁጥር ከሌላ ሰው ዳይኖ ጋር አታወዳድሩ፤ ሁለታችሁም ትጣላላችሁ እንጂ የሚገኝ ነገር የለም።

ዲስኩ በጣም ቀላል ከሆነ ሙከራው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቅና በቂ ንባብ አይገኝም። በጣም ከባድ ከሆነ ሞተሩ ገና ሲነሳ ይግላል። ለ540 መጠን (36 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው) ሞተር ሙከራው ከ3 እስከ 6 ሰከንድ እንዲወስድ የሚያደርግ ዲስክ ይመቸኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ያ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በ18,000 ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከቁርጥራጭ ብረት እቤት አስተካክዬ እሠራዋለሁ የምትሉ እባካችሁ ተዉ። ቶርኖ ላይ በትክክል ይውጣ፣ ባላንሱ ይስተካከል፣ ዙሪያውን ጠንካራ ብረት ይሸፍነው፣ ሞተሩ በሞርሳ ሳይሆን በራሱ ቡሎኖች ይታሰር። ሲዞር ደግሞ ከጎኑ ሳይሆን ከኋላው ቁሙ።

ባለ ፍሬን ዳይኖ፦ ትዕግሥትና ገንዘብ ላለው

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ በ1821 የሞተሩን ዘንግ በእንጨት ፍሬን ጠርንፎ፣ ፍሬኑ አብሮ እንዳይዞር የሚይዘውን ክንድ በክብደት ለካ። ዛሬ በእንጨቱ ቦታ የማግኔት ፍሬን፣ በክብደቱ ቦታ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ገባ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ክንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሚዛኑ 170 ግራም ካሳየ ቶርኩ 0.167 ኒውተን ሜትር ነው። ፍሬኑን እያስተካከላችሁ ሞተሩን 12,000 ዙር ላይ ያዙት። 210 ዋት እየሰጠ ነው። ከባትሪው በኩል ደግሞ 7.2 ቮልትና 45 አምፔር ታነባላችሁ፤ 324 ዋት። ልዩነቱ 114 ዋት ነው። ጥቂቱ ስፒድ ኮንትሮለሩና ሽቦው ላይ ይቀራል፣ አብዛኛው ግን 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል በጨርቅ ጠቅልላችሁ እንደ ማብራት ቁጠሩት። ሞተር ለምን እንደሚቃጠል ማንም እንደዚህ አላስረዳኝም።

የፍሬን ዳይኖ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን አንድ ቦታ ላይ ይዞ ያቆየዋል። ሙቀቱ ሲወጣ፣ ቶርኩ ሲወርድ፣ አምፔሩ ሲሸሽ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ሁለት የታይሚንግ ልኬት ለ2 ደቂቃ ሲሠሩ የትኛው ብቃቱን እንደሚጠብቅ የሚነግራችሁ ይሄ ብቻ ነው። የረጅም ጊዜ ውድድር ለሚሮጡ፣ ወይም ከባድ መኪና ለሚጎትቱ ሰዎች ዋጋ አለው።

ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ለብዙዎቻችን ይበዛል። ፍሬኑ ራሱ ያንን 210 ዋት ይውጣልና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ሚዛኑ በየጊዜው በሚታወቅ ክብደት መፈተሽ አለበት። ንዝረት ንባቡን ያስጨፍረዋል። አንድ ሙሉ ኩርባ ለማውጣት ነጥብ በነጥብ መሄድ አለባችሁ፤ በየነጥቡ መሃል ሞተሩ ይሞቃል፣ የመጨረሻው ነጥብና የመጀመሪያው ነጥብ የአንድ ሞተር መሆናቸው ያጠራጥራል። የማይጠነቀቅ ሰው እጅ ላይ ውዱ መሣሪያ ከርካሹ የባሰ ቁጥር ይሰጣል።

እቤት የሚሠራው፦ ሞተር በሞተር

ሁለት ሞተር ዘንግ ለዘንግ ፊት ለፊት ይታሰራሉ። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከጄኔሬተሩ የሚወጡት ሦስት ሽቦዎች በሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥታ በሚያደርገው) በኩል ወደ አምፖሎች ይሄዳሉ። አንድ አምፖል ስትጨምሩ ጭነቱ ይጨምራል። ቴስተር ያለው ሰው ቮልትና አምፔር ለክቶ ዋቱን ያወጣል።

ርካሽ ነው፣ ደስ ይላል፣ ልጆችም ይወዱታል፤ አምፖሎቹ ሲበሩ ማየት የራሱ ጨዋታ አለው። የምትለኩት ግን ከጄኔሬተሩ የወጣውን ነው። ጄኔሬተሩ ራሱ የሚበላው አለ፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚበላው ይጨምራል። ትክክለኛ ዋት አትጠብቁበት። ሀ ከለ ይሻላል ወይ ለሚለው ግን ያገለግላል፣ ጄኔሬተሩን በየሙከራው መሃል እስካቀዘቀዛችሁት ድረስ። ሁለቱ ዘንጎች ቀጥ ብለው ካልተገጣጠሙ ኩሽኔታ ይበላል፤ መጀመሪያ የሚበላሸውም እሱ ነው።

ትራኩስ?

ብዙ ስፒድ ኮንትሮለሮች አሁን ዙር፣ አምፔርና ሙቀት ይመዘግባሉ። ዳይኖ ጎማ አያውቅም፣ መሬት አያውቅም፣ የእናንተን እጅም አያውቅም። ስለዚህ የትራኩ መዝገብ የመጨረሻ ዳኛ ነው። ሞተር ለመምረጥ ግን አይመችም፤ ጎማው፣ አየሩና ነጂው በየዙሩ ስለሚለዋወጡ ሁለት በመቶ ልዩነት እዚያ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል።

ቁጥር የሚያበላሹ ሁለት ሌቦች

የትኛውንም ብትመርጡ እነዚህን ካልያዛችኋቸው ድካማችሁ ከንቱ ነው። የመጀመሪያው ቮልቴጅ ነው። ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ነው፣ የስም ቮልቴጁ 7.4። የሞተር ከፍተኛ ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሃል ያለው ልዩነት ወደ 29 በመቶ ይጠጋል። ሰው ሞተር ቀየርኩ ብሎ ሲደሰት የቀየረው ባትሪውን ሊሆን ይችላል። የሚቻል ከሆነ ቮልቴጁን አጥብቆ የሚይዝ፣ ቢያንስ 50 አምፔር የሚችል ፓወር ሰፕላይ ተጠቀሙ። ካልሆነ ባትሪውን ከየሙከራው በፊት አንድ ዓይነት ቮልት ላይ አድርሱት። የላላ መሰኪያና በደንብ ያልያዘ ብየዳም ያው ሌብነት ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንስ በየ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሞተሩ ከ25 ወደ 85 ዲግሪ ከወጣ ሬዚስታንሱ ከ23 በመቶ በላይ አደገ ማለት ነው። ማግኔቱም ሲሞቅ ይለግማል። ስለዚህ ሁሉንም ሙከራ ሞተሩ አንድ ሙቀት ላይ ሲደርስ ጀምሩ። እኔ በሙቀት መለኪያ ጠመንጃ 40 ዲግሪ ሳነብ ነው የምጀምረው፤ 40 ቅዱስ ቁጥር ስለሆነ አይደለም፣ ሁልጊዜ ልደርስበት ስለምችል ነው።

ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። ሦስቱ ንባቦች እርስ በርሳቸው በ3 በመቶ ከተለያዩ፣ በሁለት ሞተሮች መሃል ያገኛችሁት 2 በመቶ ልዩነት ምንም ማለት አይደለም። ይህን ሳያዩ ሮተር የሚገዙ ሰዎች አሉ። እኔም ገዝቻለሁ።

ኩርባው እጃችሁ ከገባ በኋላ

ብዙ ሰው ከፍተኛውን ዋት ያይና ወረቀቱን ያጥፋል። እኔ መጀመሪያ የማየው ዋቱ የት ዙር ላይ እንደሆነ ነው። ቮልቴጁ ካልተለወጠ የሞተር ከፍተኛ ኃይል ያለ ጭነት ከሚዞረው ግማሽ አካባቢ ላይ ነው። 18,900 ለሚዞረው የእኔ ሞተር 9,500 ገደማ። ብቃቱ ከፍ የሚለው ግን ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ፣ ወደ መጨረሻው ፍጥነት ተጠግቶ ነው። ዝቅ ብላችሁ ከሮጣችሁ ጉልበት አለ፣ ሙቀትም አለ። ከፍ ብላችሁ ከሮጣችሁ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ መኪናው ግን ይሰንፋል። ማርሽ መምረጥ ማለት በእነዚህ ሁለቱ መሃል ቦታ መያዝ ነው።

የጎማው ስፋት 62 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 195 ሚሊ ሜትር ነው። ማርሹ 4 ለ1 ከሆነ ሞተሩ አንዴ ሲዞር መኪናው 49 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሞተሩ 15,000 ሲዞር በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ትራካችሁ ላይ ከኩርባ የምትወጡበትን ፍጥነት አስቡና ሞተሩ ያኔ ስንት ዙር ላይ እንዳለ ወደ ኋላ አስሉ። ከ9,500 በታች ከወደቀ ፒኒየኑ በዝቷል፤ አንድ ጥርስ ቀንሱ። ታይሚንግ ስትጨምሩ ኩርባው ወደ ላይኛው ዙር ይገፋል፣ ከታች ያለው ጉልበት በአምፔር ሲመዘን ይሳሳል። ስለዚህ ታይሚንግ ጨምሮ ማርሹን እንዳለ መተው ግማሽ ሥራ ነው። ከውድድር በኋላ ሞተሩ ከ80 ዲግሪ በላይ ካሳየ ዳይኖው ምንም ይበል ምን ታይሚንጉንና ማርሹን ወደ ኋላ መልሱ።

ብሩሽ ያላቸውን ሞተሮች ለሚነዱ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ካርቦን ከኮሙቴተሩ (ካርቦኑ የሚነካው የሚዞረው መዳብ) ጋር በደንብ ሳይገጣጠም ዳይኖ ላይ አትጫኑት፤ ቁጥሩ በየሙከራው እየጨመረ ይሄድና ያስተካከላችሁት ስፕሪንግ የሠራ ይመስላችኋል። መጀመሪያ በዝቅተኛ ቮልት ያለ ጭነት አሹት።

ታዲያ ምን ይገዛ? አንድ ወይም ሁለት ሞተር ያለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወት ሰው ቼከር ይበቃዋል፤ አምፔሩን እስካልዘለለ ድረስ። በተወሰነ ተርን የሚወዳደርና ከብዙ ሮተርና ስታተር (የማይዞረው ባለ ሽቦ ክፍል) መሃል የሚመርጥ ሰው ፍላይዊል ያስፈልገዋል፤ ለብቻ ከሚገዛው ከሦስት ከአራት ወዳጆች ጋር ቢያዋጣ ይሻለዋል። ፍሬኑን ሞተር ለሚጠግኑና ለሚሸጡ እተዋለሁ። አምፖሎቹን ደግሞ መሥራት ለሚወድ ሁሉ።

ያ የደከመው ሞተሬ አልተጣለም። የኋላ ክዳኑ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበት ዳይኖው አጠገብ ይኖራል። ማንም አይወዳደርበትም፣ ማንም ታይሚንጉን አይነካም። የሙከራ ቀን ሲሆን መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ነው። ባለፈው ጊዜ ካሳየው ቁጥር ከራቀ ሌላ ሞተር አላስርም፤ ካቻቢቴዬን አንስቼ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ ማጥበቅ እጀምራለሁ።